ያልተነበበችለት ግጥም

ወንድሟ ፊደል እንደማይለይ ያወቀችው ማንም ነግሯት አይደለም። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለች የውጤት ካርዷን ይዛ ስትመጣ፣ "እስቲ አንቺው አንብቢልኝ፤ የደከምሽበት አንቺ፣ ከአፍሽ ልስማው" አላት። አነበበችለት። ሒሳብ ላይ ስትደርስ ጨመር አድርጋ አነበበችለት። እሱም ቅንጣት ሳይጠራጠር ብድግ አድርጎ አሽከረከራት። ልጅ ሞኝ አይደለም፤ ገባት። ገብቷት ዝም አለች፤ እሱም እንደገባት አውቆ ዝም አለ። እንዲህ ተቻችለው ኖሩ።

እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ነበር፤ እሷ የጫማዋን ግራና ቀኝ የማትለይ ሕፃን። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ "ልጅቷን ማን ይውሰዳት?" እያለ ሲመካከር፣ "እህቴ ዕቃ መሰለቻችሁ እንዴ?" ብሎ አቅፏት ወጣ። በማግሥቱ ከጭነት መኪና ግቢ ገብቶ ጆንያ መሸከም ጀመረ። ተሸክሞ አሳደጋት ቢባል ተረት አይደለም። እያደር ጉልበቱም ጠባዩም ታየለትና የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ሆነ። አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ። ወረቀት ሲሰጡት "መነጽሬን ቤት ረስቼ፣ እስቲ ድምፅህን አሰማኝ" ይላል። ሰበቡ እንዳይነቃበት በኋላ እውነተኛ መነጽር ገዝቶ የደረት ኪሱ ውስጥ ሰካ። ዓይኑ ግን የጭልፊት ነበር።

እሷ ደግሞ አድጋ ጥርስ ሠሪ ሆነች። ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ ጥርስ ለረገፈባቸው ሰዎች ጥርስ ትሠራለች። ጄሶ ትበጠብጣለች፣ ሰም ታቀልጣለች፣ ሰው ሠራሹን ድድ በትንሿ ሞተር እያዞረች ታለሰልሳለች። ቅንድቧ ሁልጊዜ ነጭ ብናኝ እንደተነፋበት ነው። ግጥሟን የምትጽፈው ጄሶው እስኪደርቅ ባለው ጊዜ ነበር። አብሯት የሚሠራው ባልደረባዋ፣ "አንቺስ ታድለሻል፤ ሰሙ ከእጅሽ አይጠፋም፤ ወርቁን ብቻ ፈልጊ" እያለ ይቀልድባት ነበር። ወጣትነቷ በዚያች ክፍል አለፈ፤ ጸጉሯ ላይ ያለው ነጭም ብናኝ ብቻ መሆኑ ቀረ። ግጥሞቿ ግን ከመሳቢያ አልወጡም።

የሚሰማት አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሑድ ከሰዓት ወንድሟ ቤት ትሄዳለች። ደጁ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። "በይ እታለም፣ ምን አመጣሽልኝ?" ይላታል። ታነባለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያዳምጣል። ደስ ያለችውን "ድገሚያት" ይላል። ያልጣመችውን ደግሞ "ይቺ ወገቧን ያማታል፤ ተኝታ ትሰንብት" ይላል። እሷም ትሄድና ታስታምማታለች። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነበር፤ አንዳንዴም አልነበረም፤ ቢሆንም ሳታነብለት የጨረሰቻት ግጥም አልነበረችም።

ከአንዲቱ በቀር።

ያችኛዋን የጻፈቻት አንድ ቀን እቤቱ ተቀምጣ ሳለ ልጁ የቤት ሥራዋን ልታሳየው ስትመጣ አይታ ነው። ልጅቷ ደብተሩን እጁ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ጓዳ ሮጠች። እሱ መነጽሩን አጠለቀ። ደብተሩን ገልብጦ ይዞ፣ ገጹን በጣቱ እየተከተለ፣ ራሱን በዝግታ ይነቀንቅ ጀመር። ልጅቷ ስትመለስ "ጎበዝ፣ ጎበዝ" ብሎ መለሰላት።  በማግሥቱ ጄሶው ሳይደርቅ ግጥሙ አለቀ። እንዲህ ይጀምራል፦

ወንድሜ መነጽር ገዛ እንደ ጋሻ፤
ዓይኑ ጤነኛ ነው፣ ከፊደል መሸሻ።
ገልብጦ ይይዛል የሴት ልጁን ደብተር፤
ራሱን ይነቀንቃል እንደገባው ነገር።

ከዚያ በኋላ ያለው ፍቅር ነው፤ ጆንያው፣ ትከሻው፣ በደመና ቀን ያሻገራት ሜዳ። ግን ያን እሑድ ይዛው ሄዳ ከቦርሳዋ ሳታወጣው ተመለሰች። በሚቀጥለውም እንደዚያው። ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

መጽሐፍ ማሳተም የሚባለው ነገር የመጣው ከዓመታት በኋላ፣ ጥርስ ሊያሠሩ በመጡ ሴትዮ በኩል ነው። ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው ጽሑፍ ሲያርሙ የኖሩ አርታኢ ነበሩ። ለመለካት የመጡበት ዕለት ጠረጴዛዋ ላይ ያለችውን ወረቀት ሳያስፈቅዱ አንሥተው አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው፣ "ይኼን የጻፈ ሰው ጄሶ ምን ያደርግለታል?" አሉ። አፋቸው ውስጥ ጥርስ ስላልነበረ ነገሩ የሚያስቅ ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ወራት አብረው ሠሩ። አርታኢዋ ቆራጥ ናቸው፤ የወደዱትን ያደንቃሉ፣ የጠሉትን በመቀስ ይቆርጣሉ። በመጨረሻ የቀሩትን ግጥሞች ጠረጴዛው ላይ ደርድረው ብዙ ካዩዋቸው በኋላ ተነፈሱ።

"ልጄ፣ ሁሉም ያምራሉ። ግን ሁሉም ጠንቃቃ ናቸው። እጅሽን ታጥበሽ የጻፍሻቸው ይመስላሉ። የቆሸሸ የለሽም?"

 መሳቢያዋን አስባ "አንዲት አለች" አለች።

በማግሥቱ አመጣችላቸው። አርታኢዋ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"መጽሐፉን የምትሸከመው ይቺ ናት" አሉ። ቀጥለውም "ወንድምሽ አይቷታል?" ብለው ጠየቁ።

"አላነበብኩለትም።"

"ቢያነባትስ?"

"አያነባትም። የግጥሙ ነገርስ ይኼው አይደል?"

"እንግዲያው ምን ያስፈራሻል?"

ይቺ ጥያቄ ናት የጎዳቻት። መልስ ነበራት፤ ግን መልሱን ፊት ለፊት ለማየት ጊዜ አልወሰደችም። እውነትም አያነባትም፤ የሚያውቁትም ሰዎች የግጥም መጽሐፍ የሚገዙ አይደሉም፤ ስሙም አልተጠራ። እንዲህ እያለች ራሷን አባበለች። ሰው ራሱን ሲያታልል ምስክር አያጣም። ደግሞስ፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ "መጽሐፉን የምትሸከመው" የምትለዋ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ማር ሆና ነበር።

መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ከማተሚያ ቤቱ ያመጣላት ወንድሟ ነው። መኪና ለምኖ፣ ካርቶኖቹን ማንም እንዳይነካቸው ብሎ ብቻውን ተሸክሞ አስገባ። ከዚያ አንዱን ከፈተና መጽሐፍ አወጣ። ትንሽ ናት፤ ኪስ ትገባለች። አሸተታት። ሽፋኑ ላይ በሰፊ አውራ ጣቱ ዳበስ ዳበስ አደረገ።

"ስምሽ የትኛው ነው?" አላት በዝግታ። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ በግልጽ ጠይቋት አያውቅም።

አሳየችው። ጣቱን ስሟ ላይ አሳረፈና ቆየ። "እናታችን ይኼን ሳታይ..." ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ወዲያው ደግሞ እንደ ልጅ ፈገግ አለ።

"እኔስ አለሁበት?"

 ያን ጊዜ ነበር ማለት የነበረባት። ቁጭ በል ጋሼ፣ አንዲት ያላነበብኩልህ አለች፣ ማለት ነበረባት። ካርቶኖቹ ገና አልተፈቱ፣ አንድም መጽሐፍ ከቤት አልወጣ።

"ሁሉም ውስጥ አለህ" አለችው።

እሱ ተደሰተ። ተደስቶም ሁለት እሽግ ብብቱ ስር ሸጎጠ። "እነዚህን እኔ እሸጥልሻለሁ። ግቢያችን ውስጥ የማይገዛ ወንድ አያለሁ!"

"ተው ጋሼ፣ ሾፌርና ጫኝ ግጥም ምን ያደርግለታል?"

ፊቱ ጠቆር አለ። "ምነው እታለም? ሾፌር ልብ የለውም? እኔስ ስሰማሽ የኖርኩት ምን ሆኜ ነው?"

  የባሰ እንዳይከፋው ፈርታ እውነቱን ሳትነግረው ቀረች፤ እሱም እያፏጨ ሄደ።

በማግሥቱ ሥራ ላይ ለአንድ ሽማግሌ የሠራችውን የላይ ጥርስ ሁለቴ አበላሸችው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሽርጧን ፈትታ ጣለችና ወጣች። የምትለውን በመንገድ ላይ አዘጋጅታለች፤ መጽሐፉ የኅትመት ስሕተት አለበት፣ ሁሉም ይመለስ ልትል ነው። ሩጫ በሚመስል እርምጃ ግቢው ደረሰች። መኪኖቹ ቆመዋል፤ ጫኞቹ የሉም። ከሻይ ቤቷ ሳቅ ይሰማል።

ወንድሟ መሐል ተቀምጧል። በዙሪያው ሾፌሮች፣ ጫኞች፣ የሚዛን ሠራተኛዋ፤ ሁሉም እጅ ላይ ያች ትንሽ መጽሐፍ አለች። ድምፁ ስለሚያምር "ራዲዮ" የሚሉት ሾፌር ቆሞ ገጽ ይገልጣል።

"አለቃ፣ እኔም አለሁበት ብለሃል። ካላገኘሁህ ገንዘቤን ትመልሳለህ!"

"ፈልግ! ሁሉም ውስጥ ነኝ" አለ ወንድሟ፣ ሻዩን እያማሰለ።

"ይኸው! ይኸው አገኘኋት፤ 'ወንድሜ' ብላ ትጀምራለች!"

በሩ ላይ ቆማ "ቆይ" ልትል ፈለገች። ግን ቀደማት። ራዲዮ ያን ወፍራም ድምፁን አሳምሮ አነበበ። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ሰዎቹ ሳቁ፤ መነጽሩን ሁሉም ያውቃታላ። ወንድሟም አብሮ ሳቀ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳቁ ተንጠባጠበ። ሦስተኛው ላይ የማንኪያው ድምፅ ቆመ። ራዲዮ ራሱ ምን እያነበበ እንደሆነ የገባው አራተኛው ላይ ሲደርስ ነው። ቀና አለ። ፊቱ ደም መሰለ።

"ይቺ... ይቺ እንኳ ስለ ሌላ ወንድሟ ትሆናለች" አለ።

ሌላ ወንድም እንደሌላት ሁሉም ያውቃል።

ወንድሟ በሩ ላይ ያያት ያን ጊዜ ነው። ለረጅም ጊዜ አያት። ቁጣ ብታይበት ይሻላት ነበር። ጠፍታበት እንደሚፈልጋት ሰው ነበር የሚያያት።

"ጨርሰው" አለ ለራዲዮ።

"ኧረ ተወው አለቃ፣ ሻያችን ቀዘቀዘ..."

"ጨርሰው አልኩህ። ግጥም ከመሐል አይቆረጥም።"

ራዲዮ ጨረሰው። ጆንያውን፣ ትከሻውን፣ የደመናውን ቀን። የሚዛን ሠራተኛዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ወንድሟ ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶ ተነሣ።

"ጥሩ ቤት መትታለች" አለ። ከዚያም "በሉ ተነሡ፣ መኪናው ይጠብቀናል" ብሎ፣ በሩ ላይ በጎኗ አልፏት ወጣ። ልብሱ እጇን ነካት።

ማንም አልሳቀበትም። ይኼ ነው የባሰው። ከዚያን ቀን በኋላ ወረቀት በመጣ ቁጥር ሳይጠይቃቸው ተሽቀዳድመው ያነቡለት ጀመር፤ ቀስ ብለው፣ እንደ በሽተኛ እያባበሉ። መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ ተወው። እሑድ እግሯ እያመነታ ቤቱ ብትሄድ አግዳሚዋ ባዶ ነች። በሩን የከፈተችላት ሚስቱ ናት። እሷ ሁልጊዜ "እትዬ" እያለች የምትጠራት፣ ዝምተኛ፣ ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት።

"የለም" አለቻት። "ወጣ ብሏል።" አስገባቻትና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ አንቺ አታውቂም ነበር፤ እኔ..."

"ማን አለሽ?" አለች ሚስቱ። "ሳያገባኝ በፊት ነው ያወቅሁት። የመብራት ወረቀት ሲመጣ ጮክ ብዬ የማነበው ለማን ይመስልሻል? ለግድግዳው? የመድኃኒት ዕቃ ላይ ቀይ ክር የማስረው፣ 'የጠዋቱ ባለክሩ ነው' የምለው ለምን ይመስልሻል? ማወቄን አያውቅም ነበር። እቤቱ ሲገባ የተማረ ሰው ሆኖ ነበር የሚገባው። ያን ነው የወሰድሽበት። አሁን ጮክ ብዬ ባነብ ስለሱ እንደሆነ ያውቃል፤ ዝም ብል ደግሞ ምን ልሆን ነው?"

 ከጓዳ በር የወንድሟ ልጅ ብቅ አለች። ያች ደብተር ጥላ ትሮጥ የነበረችው ልጅ አሁን የአክስቷን ቁመት አልፋለች።

"አክስቴ፣ እኔ መገልበጡን አላየሁም ነበር" አለቻት። "አንቺ ባትጽፊው አላየውም ነበር።"

ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ እሱ ራሱ መጣ፤ ጥርስ ቤቱ ድረስ። ባልደረባዋ ነገር ገብቶት ሻይ ልጠጣ ብሎ ወጣላቸው። ወንድሟ በጄሶ ጥርሶቹ መሐል፣ ለእሱ በማትበቃው ዱካ ላይ ተቀመጠ። እህቱ እግሩ ስር ወደቀች። አነሣት፤ እንደ ጆንያ፣ በብብቷ ይዞ።

"ጋሼ፣ የቀረውን ሁሉ ሰብስቤ አቃጥለዋለሁ።"

"ምን ይፈይዳል? ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለውንስ በምን ታቃጥይዋለሽ? ደግሞ ሌሎቹ ምን በደሉ?" ከመደርደሪያው አንዱን የጄሶ መንጋጋ አንሥቶ እያገላበጠ አየው። "እኔን የቆረቆረኝ ሌላ ነው፤ እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ሁሉንም አንብበሽልኛል። የእናታችንን፣ የዝናቡን፣ ያን ያልገባኝን የሰዓቱን። ይቺን ለምን አላነበብሽልኝም?"

"ታዝናለህ ብዬ።"

"አዝን ነበር። አዝኜም 'ድገሚያት' እል ነበር ይሆናል። ወይም 'የደብተሯን ስንኝ አውጪልኝ፣ ሌላው ይቆይ' እል ነበር። ምን አውቃለሁ? አልጠየቅሽኝም። እታለም፣ እኔ ማንበብ ነው እንጂ መስማት መች አቃተኝ?"

ይኼን ብሎ መንጋጋውን ቦታው መለሰ። ልታለቅስ ሲዳዳት "ተይ፣ አታልቅሺ፤ እኔ አላለቀስኩም" አላት። ጉንጯን ስሟት ሄደ። ስሟት መሄዱ እስከ ዛሬ ያቃጥላታል።

መጽሐፏ እንደ መጀመሪያ መጽሐፍ ደህና ሄደ። አንድ ጋዜጣ ላይ ስለዚያች ግጥም በጎ ተጻፈ። ሰዎች አንብቢልን ብለው ሲጋብዟት ሌሎቹን ታነባለች፤ ያችን ሲጠይቋት "ድምፄ ዘግቷል" ትላለች። ሁለተኛ እትም ሲወጣ አወጣቻት። አርታኢዋ ተቆጡ፣ "አንጀቱን አውጥተሽ ሬሳ ታሳትሚያለሽ" አሉ፤ አልሰማቻቸውም። ለወንድሟ ስትነግረው "ደግ" አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባት ግን የግጥሙ ነገር እንኳ አልነበረም። ጄሶ እየበጠበጠች፣ ሰም እያቀለጠች፣ አንድ ጥያቄ ይመጣባታል፤ ያን ሁሉ ዘመን አጠገቡ ተቀምጣ ስታነብለት፣ አንድ ቀን እንኳ "ና ላስተምርህ" ለምን አላለችውም? ሀ ብሎ ለመጀመር አግዳሚዋና እሑድ ይበቁ ነበር። አፍሮ እምቢ ይላል ብላ ነው? እንዲያ ብላ ለራሷ ብትመልስ ደስ ባላት። ግን እውነቱ ሌላ ሳይሆን አይቀርም፤ ዓይኑ መሆን ደስ ይላት ነበር። ያለ እሷ ማንበብ ቢችል ኖሮ እሑድ እሑድ ማን ይጠብቃታል?

አሁንም እሑድ ትሄዳለች። ይቀበላታል፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ ዝናቡ ይጫወታሉ። "ምን አመጣሽልኝ?" ግን ቀርቷል። አንድ ጊዜ እንደ ዋዛ "አዲስ ግጥም ነበረኝ" ብትለው፣ "በርቺ፣ አሳትሚውና እንሰማዋለን" አላት።

አንድ ሐሙስ ዕለት ሥራ ቀደም ብሎ አልቆ፣ ሳይጠብቋት ወንድሟ ቤት ብቅ አለች። በሩ ገርበብ ብሏል። ወንድሟና ልጁ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቀርቅረዋል። የእርሳሷ ጫፍ በወፍራም ጣቶቹ መሐል ጠፍታለች። ልጅቷ "አይደለም አባዬ፣ የፊደሏ እግር በዚህ በኩል ነው" ትላለች፤ እሱ "ቆይ፣ ቆይ አታጣድፊኝ፣ እኔ ራሴ" ይላል። ሁለቱም ይስቃሉ።

ወለሉ ሲንቋቋ ቀና አለ። እህቱን አየና መዳፉን ወረቀቱ ላይ ጣለ። ያ ሰፊ መዳፍ ገጹን ሙሉ በሙሉ ሸፈነው።

"እታለም! ግቢ፣ ግቢ፣ ምነው በደህና?" አለ። "ልጄ፣ ለአክስትሽ ወንበር ሳቢላት።"

ገባች፤ ተቀመጠች። ሻይ ቀረበላት፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። እስክትነሣ ድረስ እጁን ከወረቀቱ ላይ አላነሣም። እሷም ወደዚያ ላለማየት ብርጭቆዋን ስታይ ቆየች። "እንግዲህ ልሂድ" ብላ ስትወጣ ልጅቷ እስከ ደጅ ሸኘቻት፤ እሱ "በደህና ግቢ" ያላት እዚያው እንደተቀመጠ ነው።